ባትሪ ቅያሪ ወይስ ቻርጅ? ለኤሌክትሪክ ሞተር፣ ለባጃጅና ለመኪና የመምረጫ መመሪያ

የባትሪ ቅያሪ አገልግሎት ሁሌም የሚተዋወቀው በደቂቃ ነው፤ ባዶውን አስገብተው ሙሉውን ይዘው ይሄዳሉ። ይህ እውነት ነው፤ የሚያዋጣና የማያዋጣ መሆኑን የሚወስነው ግን ደቂቃው አይደለም። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ውዱ ዕቃ ባትሪው ስለሆነ ዋናው ጥያቄ ባትሪው ሲያረጅ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጣቢያው ከመንገድዎ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው።

ለመምረጥ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከሻሲው ጋር በብሎን የታሰረ ባትሪ ነው፤ ተሽከርካሪው ራሱ ሶኬት ያለበት ቦታ ይቆማል። ሁለተኛው የራስዎ ሆኖ ተነቅሎ የሚወጣ ባትሪ ነው፤ ቤት ወይም ሱቅ ይዘውት ገብተው ይሞሉታል፣ አንድ ተጨማሪ ከገዙም ራስዎ ይቀያይሩታል። ሦስተኛው የድርጅት ባትሪ ነው፤ ሞተሩ የእርስዎ፣ ባትሪው የድርጅቱ ይሆንና በየጣቢያው እየቀየሩ ይከፍላሉ።

መጀመሪያ የቀን ፍጆታዎን ያስሉ

ከተማ ውስጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ) ገደማ ይበላል። ባጃጅ እንደ ጭነቱ ከ50 እስከ 80፣ የቤት መኪና ከ150 እስከ 200 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ፦ 72 ቮልት፣ 40 አምፔር ሰዓት ማለት 2,880 ዋት ሰዓት ወይም 2.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እስከ መጨረሻው ጠብታ ስለማይነዳ 15 በመቶውን ይቀንሱለት፤ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይቀራል። በ35 ዋት ሰዓት ሲካፈል ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሻጩ 120 ኪሎ ሜትር ቢልዎት አይደነቁ፤ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው በሜዳ ላይ፣ አንድ ቀጭን ሰው ጭኖ፣ በዝግታ ሲነዳ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዳገቱ አለ። ሞተሩ፣ አሽከርካሪውና ዕቃው አንድ ላይ 250 ኪሎ ቢመዝኑ እያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ ወደ 85 ዋት ሰዓት ተጨማሪ ይበላል፤ በሜዳ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ማለት ነው። ከቦሌ እንጦጦ ለመድረስ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ መንገዱ ራሱ ከሚወስደው ሌላ ዳገቱ ብቻውን የዚህን ባትሪ አንድ አምስተኛ ይበላል። ቁልቁለቱ ላይ የሚመለሰው ኃይል በሞተርሳይክል ላይ ጥቂት ነው፤ በስሌትዎ ውስጥ አያስገቡት። (ለፍትሕ ያህል፦ ቤንዚን ሞተር በከፍታ ላይ በአየር መሳሳት ኃይሉ እንደሚቀንስበት የኤሌክትሪኩ አይቀንስበትም።)

አሁን ያነጻጽሩ። ቢሮ ደርሶ የሚመለስ ሰው በቀን 45 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ አንድ ባትሪ አለው፣ ማታ ይሞላል፣ አለቀ። የቅያሪ አገልግሎት ለእሱ ትርፍ ወጪ ነው። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚያደርስ የዴሊቨሪ ሠራተኛ ግን 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ አንድ ባትሪ ቀኑን አያዘልቀውም። ምርጫው የሚከብደውም እውነተኛ የሚሆነውም ለእሱ ነው። ኪጋሊ ላይ አምፐርሳንድ፣ በቤኒን፣ በቶጎ፣ በኬንያና በሌሎችም አገሮች ስፒሮ ቅያሪን የጀመሩት ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ በሚውሉ የሞተር ታክሲዎች መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የባትሪ እርጅና በብር ሲሰላ

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በደንብ ከተያዘ 1,500 ጊዜና ከዚያም በላይ ሞልቶ ባዶ መሆንን ይችላል፤ ኒኬል የበዛበት ሊቲየም ከዚያ ያንሳል፤ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ነው፣ እሱም ከግማሽ በታች ካላወረዱት። 2.4 ኪሎዋት ሰዓት በ1,500 ሲባዛ 3,600 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። የባትሪውን ዋጋ ለዚህ ያካፍሉ። ለስሌት እንዲመች ብቻ ዋጋውን 100,000 ብር ብንለው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 28 ብር ገደማ የባትሪ ዕድሜ ይበላል፤ በኪሎ ሜትር ወደ 1 ብር ነው። በዚህ ላይ የመብራት ሂሳብ ይጨመራል፣ ከቆጣሪው ከሚወጣውም ከ10 እስከ 15 በመቶ በቻርጀሩና በባትሪው ሙቀት ይባክናል።

የቅያሪ ዋጋ ውድ የሚመስለን ከመብራት ታሪፍ ጋር ብቻ ስለምናስተያየው ነው። ማስተያየት ያለብን ከዕድሜው፣ ከመብራቱና ቆመን ከምናጠፋው የሥራ ሰዓት ድምር ጋር ነው።

ሆኖም ባትሪ በሥራ ብቻ ሳይሆን በመቀመጥም ያረጃል። በዓመት 300 ቀን 45 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 3,600 ኪሎዋት ሰዓቱን ለመጨረስ ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ከዚያ በፊት ጊዜው ራሱ ሊያደክመው ይችላል። 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳው በአንድ ባትሪ በሦስት ዓመት ውስጥ ይጨርሰዋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ደግሞ ሁለቱም ያጥራሉ፤ ሊቲየምን ከብርድ ይልቅ ሙቀት፣ በተለይ ሙሉ ሆኖ ፀሐይ ላይ መዋል ያስረጀዋል።

የቅያሪው ሂሳብ የተደበቀበት ቦታ

ድርጅቶች በአራት ዓይነት ያስከፍላሉ፦ በአንድ ቅያሪ ቁርጥ ዋጋ፣ በተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት፣ በኪሎ ሜትር ወይም በወር። ቁርጥ ዋጋ ከሆነ ባትሪው ውስጥ የተረፈውን በነፃ ይመልሳሉ ማለት ነው። በ20 በመቶ ሳይሆን በ40 በመቶ የመቀየር ልማድ ካለብዎት ለተመሳሳይ ኃይል አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ እየከፈሉ ነው። በሌላ በኩል ከ10 በመቶ በታች ማውረድም አይመከርም፤ ዳገት ላይ ቮልቱ ድንገት ሲወርድ ቢኤምኤስ፣ ማለትም ባትሪውን የሚጠብቀው ሰሌዳ፣ ኃይሉን ይቆርጠዋል። ያ ደግሞ የሚሆነው ኋላዎ አውቶቡስ ባለበት ሰዓት ነው። ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው መካከል መቀየር ልከኛ ነው።

ጣቢያው ከመንገድዎ 3 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር፣ 210 ዋት ሰዓት ይሆናል። የወሰዱትን ባትሪ 9 በመቶ ለመውሰድ ሲሉ አቃጠሉት ማለት ነው። በቀን ሁለት ቅያሪ ከሆነ እጥፍ። ስለዚህ «በከተማው ይህን ያህል ጣቢያ አለን» የሚለውን ትተው እርስዎ በሚውሉበት ሰፈር ስንት እንዳለ ካርታ ላይ ይቁጠሩ። አንድ ብቻ ከሆነ እንደሌለ ይቁጠሩት፤ ሁለተኛው መጠባበቂያ የሌለው ጣቢያ የተበላሸ ቀን ሥራ የለም።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም አስቀድመው ይጠይቁ። ስምንት ቀዳዳ ያለው የጣቢያው የባትሪ ካቢኔት እያንዳንዱን በ1.2 ኪሎዋት ቢሞላ 10 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል። 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ሁለት ሰዓት ከወሰደ በሰዓት አራት ሙሉ ባትሪ ብቻ ያወጣል። የምሳ ትዕዛዝ ከሚበዛበት ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ የራት ከሚበዛበት ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት አሥር ሞተር በአንድ ጊዜ ቢመጣ ሁለት ደቂቃ የተባለው ቅያሪ ግማሽ ሰዓት ሰልፍ ይሆናል። ውል ከመፈረምዎ በፊት ልክ በእነዚህ ሰዓቶች ሄደው ስንት አረንጓዴ መብራት እንደበራ ይዩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የታየ ካቢኔት ምንም አይነግርዎትም።

መሰኪያው

የታሰረ ባትሪ አንዴ ይሰካል። የቅያሪ ባትሪ ግን በዓመት ብዙ መቶ ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል፤ አቧራና ዝናብም ያገኘዋል። 3 ኪሎዋት የሚስብ ሞተር በ72 ቮልት 42 አምፔር ያሳልፋል። የመሰኪያው ፒን ልልነት ወይም ዝገት የኤሌክትሪክ እንቅፋቱን (ሬዚስታንሱን) በ10 ሚሊ ኦም ብቻ ቢጨምር እዚያች ነጥብ ላይ ወደ 18 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ የሬዲዮ ጠጋኝ ሶልደር ከሚያወጣው አይተናነስም። ውጤቱ የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ጉድጓድ ሲገቡ ኃይሉ ለቅጽበት ይጠፋና ይመለሳል፤ ባትሪውን ሲያወጡ ፒኑ አካባቢ ይፋጃል፤ የመዳብ ወይም የብር ቀለም የነበረው ፒን ጠቁሯል። ሲያዩ ባትሪውን ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ጎን መሰኪያም ያስለውጡ። የተቃጠለ ሴት መሰኪያ የሚገባበትን ጤነኛ ባትሪ ሁሉ ያቃጥላል፤ በቅያሪ መረብ ውስጥ አንድ ብልሹ ሞተር ብዙ ባትሪ የሚያጠፋውም በዚህ መንገድ ነው።

ሁልጊዜ ቁልፉን አጥፍተው ይንቀሉ። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ዕቃ፣ እየሠራ ሲነቀል ብልጭታ ይፈጠርና ፒኑን እያበላሸው ይሄዳል።

ሁለት ባትሪ መግዛት

አስተማማኝ ጣቢያ በሌለበት ከተማ ለዴሊቨሪ ሠራተኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ሁለት ባትሪ እየተፈራረቁ ሲሠሩ ዕድሜያቸው እጥፍ ስለሚሆን ዋጋው የሚመስለውን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው በአንድ ጊዜ መከፈሉ ነው።

ክብደቱን ግን አይርሱ። 2.88 ኪሎዋት ሰዓት የብረት ፎስፌት ባትሪ 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በየማታው ሲወጣ ትከሻ ያውቀዋል። በእጅ እንዲቀየሩ ታስበው የተሠሩት ያነሱት ለዚህ ነው፤ የሆንዳው ተነቃይ ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይዞ 10 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ታይዋን ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የቅያሪ ድርጅት ጎጎሮም በአንድ ስኩተር ሁለት ትንንሽ ባትሪ ያስገባል። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ባለ 12 ኪሎ መግዛት ይሻላል።

ሁለቱን ባትሪ በአንድ ላይ አገናኝተው መንዳት ሲፈልጉ የሚፈጸም ስህተት አለ። አንዱ ሙሉ ሆኖ 84 ቮልት፣ ሌላው ባዶ ሆኖ 70 ቮልት ላይ እያሉ በቀጥታ ፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ከተገናኙ ሙሉው ወደ ባዶው ይፈስሳል። የ14 ቮልት ልዩነት በ0.1 ኦም ሽቦና ሴል ውስጥ 140 አምፔር ነው፤ ፊውዝ ካለ ይበጠሳል፣ ከሌለ ሽቦው ይቃጠላል ወይም ቢኤምኤሱ ይሞታል። መፍትሔው አንዱን ብቻ የሚመርጥ ማብሪያ ማድረግ ነው፤ ወይም ሁለቱም በአንድ ቮልት ልዩነት ውስጥ መሆናቸውን በመለኪያ አይቶ ማገናኘት።

ቻርጀር መዋስም አደገኛ ነው። «72 ቮልት» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ኒኬል የበዛበት ሊቲየም 20 ሴል የተደረደረበት ሲሞላ 84 ቮልት ይደርሳል፤ 24 የብረት ፎስፌት ሴል ያለው 87.6፤ የስድስት አሲድ ባትሪ ቻርጀር ደግሞ 88 አካባቢ ይሰጣል። በ87.6 ቻርጀር የ84ቱን ባትሪ መሙላት በቢኤምኤስ ብቻ የተያዘ እሳት ነው። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ቮልት ያንብቡ፤ ከባትሪው የመጨረሻ ቮልት ጋር ካልገጠመ አይሰኩ። ባጃጅዎን ከአሲድ ወደ ሊቲየም ሲያስቀይሩም ቻርጀሩ አብሮ ይቀየራል።

የቤት ውስጥ ቻርጅ

84 ቮልት 10 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ከግድግዳ 950 ዋት ገደማ፣ በ220 ቮልት ከ4 እስከ 5 አምፔር ይስባል። ጤነኛ ሶኬት ይችለዋል። ችግሩ ከምጣድ ጋር ሲሆን ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ በአንድ መስመር ላይ ሲደራረቡ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይም ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ይግላል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቻርጅ ከጀመሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ ይዳብሱ፤ ለብ ካለ ችግር የለም፣ ካቃጠለ ሶኬቱ ይቀየር። በቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ። ከመንገድ ሲመለሱ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከአልጋና ከመውጫ በር ርቆ ይሞላ። ደረጃ ላይ ቻርጅ ማድረግ ከነጭራሹ መቅረት አለበት፤ እሳት ቢነሳ ሕንፃው ሁሉ የሚያመልጠው በዚያ ነው።

መኪና

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባትን ከከለከለች ወዲህ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት ገብቷል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚታዩት የቮልስዋገን አይዲ ሞዴሎችና የቢዋይዲ መኪኖች ባትሪያቸው ከሥር የታሰረ ነው። ስለዚህ ለመኪና ገዢ ቅያሪ እዚህ ምርጫ ሆኖ አይቀርብም። «ባትሪው ይቀየራል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ጋራዥ ውስጥ በሊፍት ይፈታል ማለቱ ነው፤ ሌላ ነገር ነው።

የመኪና ቅያሪ በዓለም ላይ ወድቆም ሠርቶም ታይቷል። ቤተር ፕሌስ የተባለ ድርጅት በእስራኤልና በዴንማርክ ከሬኖ ፍሉዌንስ ጋር ሞክሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ከሰረ፤ ጣቢያው ውድ፣ የሚገጥመው መኪና አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ቴስላም በዚያው ዓመት አሳይቶት ከሁለት ዓመት በኋላ ተወው። ቻይና ውስጥ የመኪና አምራቹ ኒዮ ግን ዘልቆበታል፤ ሦስተኛው ትውልድ ጣቢያው 21 ባትሪ ይዞ በቀን እስከ 408 ቅያሪ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባትሪ በኪራይ ሲጀምር ከመኪናው ዋጋ 70,000 ዩዋን ቀንሶ በወር 980 ዩዋን አስከፈለ። ሲካፈል 71 ወር ነው፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ኪራዩ የባትሪውን ዋጋ ያክላል። መኪናቸውን ቶሎ ቶሎ ለሚለውጡ ይስማማል፣ አሥር ዓመት ለሚነዱ አይስማማም። ይህንኑ ስሌት በማንኛውም የባትሪ ኪራይ ላይ ይሥሩት፦ የተቀነሰልዎትን ለወርሃዊው ያካፍሉ።

ለታሰረ ባትሪ መኪና ቤት ውስጥ ባለ 16 አምፔር፣ 3.5 ኪሎዋት ቻርጅ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ሌሊቱን በስምንት ሰዓት 28 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ያስገባል። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር የመፍሰስ መቁረጫ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) ይኑረው። 32 አምፔር ከሆነ ሽቦው ከ6 ሚሊ ሜትር ካሬ አይነስ። ብዙ ቤት ውስጥ የሚያጋጥመው ግን ኧርዝ (ወደ መሬት የተቀበረ የደኅንነት መስመር) አለመኖሩ ነው፤ ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ አልሞላም ይላል። አንዳንድ ሠራተኞች ኑልን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዝ ጋር አገናኝተው ያታልሉታል። ኑሉ ከውጭ የተበጠሰ ቀን የመኪናው አካል 220 ቮልት ይሆናል። የኧርዝ ዘንግ አስቀብረው ያስለኩ፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ውሉ ላይ የሚጠየቁ

ድርጅት ከመረጡ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይያዙ። ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ስንት በመቶ ሲወርድ ከመረቡ ይወጣል? (ከ70 በታች የወረደ እየዞረ ከሆነ ለሙሉ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ባትሪ ይሰጥዎታል። ራስዎ ማወቅ ይችላሉ፤ ከ100 እስከ 20 በመቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ከነባትሪው ቁጥር ይጻፉ፣ በሁለት ሳምንት ደካማዎቹ ይለያሉ።) ባትሪው ቢሰረቅ የሚከፍለው ማን ነው? ለባትሪው ያስያዙት ገንዘብ ከአገልግሎቱ ሲወጡ ይመለሳል? ወር ሙሉ ባይሠሩ ኪራዩ ይቆማል?

ከሁሉም በላይ፣ ሞተሩ ያለ ድርጅቱ ባትሪ ይሠራል? ብዙ የቅያሪ ባትሪዎች ከሞተሩና ከካቢኔቱ ጋር በሶፍትዌር ስለሚተዋወቁ በቤት ቻርጀር አይሞሉም፣ ሌላ ባትሪም ሞተሩን አያስነሳውም። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ኬቲኤምና ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ2021 የጋራ መለኪያ ለማውጣት ማኅበር የመሠረቱት ይህን ለማቃለል ነው። የጋራ መለኪያ በሌለበት ድርጅቱ ቢዘጋ እጅዎ ላይ የሚቀረው ጎማ ያለው ብረት ነው። በራስዎ ባትሪም የሚነሳ ሞዴል ካለ በዋጋ ቢበልጥም ይውሰዱት። ያገለገለ የቅያሪ ሞተር ሲገዙ ደግሞ የሻጩ ዕዳ ተዘግቶ ሞተሩ በድርጅቱ ዘንድ የተመዘገበበት መለያ ወደ እርስዎ ስም መዞሩን ጣቢያው ድረስ አብረው ሄደው፣ አንድ ባትሪ ቀይረው ካዩ በኋላ ብቻ ገንዘቡን ይልቀቁ።